ለኢልማሪ፦ መቀስ ስላስጨበጥካቸው ሰውዬ

ኢልማሪ፣

ዝዝዝዝ ሲል ነው የነቃሁት፤ ያ ወረቀት በፕላስቲክ የሚለብጠው ላሚኔት ማድረጊያ ማሽንህ። ስወጣ አጥፍቼዋለሁ፣ እባክህ መልሰህ አታብራው።

የአተር ሾርባው ምድጃ ላይ ነው።
ማታ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ የሳውናው፣ ተራችን ነው፤ እዚያም ማስታወቂያህን እንዳትለጥፍ።
አይቤን ላሚኔት ያደረግክብኝን ግን ተውኩት።

ጠዋት ያንኳኩት የታች ፎቁ ሽማግሌ ራይሞ ሊያግዙህ አልነበረም የመጡት። «ሥራ ማቆም ያቃታቸው የሚረዳዱበት ማኅበር እዚህ ነው?» ሲሉህ፣ ቀና እንኳ ሳትል «እንኳን መጡልኝ! የእነዚህን ማስታወቂያዎች ጥግ ይከርክሙልኝ» ብለህ መቀስ አስጨበጥካቸውና መሰላልህን ተሸክመህ ልትለጥፍ ሮጥክ። ማስታወቂያህ ያመጣው የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ዛሬ አንድ አዲስ ሰው ካልመጣ ማኅበሩ ይዘጋል ያልከኝ አንተው ነህ።

«አባባ፣ ይተዉት፣ ሾርባ ይጠጡ» አልኳቸው።

«ዝም በል አንተ! ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

 እኔ እንደምታውቀኝ በመስኮት በረዶውን እያየሁ ቀረሁ።

ሁሉንም ከርክመው ጨረሱ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን አነበቡት። አጣጥፈው ኪሳቸው ሊከቱት ሞከሩ፤ ፕላስቲኩ እምቢ አላቸው። መልሰው ክምሩ ላይ አኖሩት፣ ኮታቸውን ለበሱና ማኅበርህ ውስጥ ሳይገቡ ወጡ።