የእናትሽ ኮምፒውተርና የእኔ ተንኮል

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ምላሷ ከእግሯ ለሚቀድመው ለእህቴ ልጅ፣

እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ? የሰው አገሩ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ወገቤ ብቻ አልፎ አልፎ ያኮርፋል፤ እሱንም እንደ እናትሽ ዝም ብዬ አሳልፈዋለሁ። በስልክ ልነግርሽ የማልችለው ጉዳይ ስላለ ነው በኢሜይል የምጽፍልሽ፤ ስትደውዪ እናትሽ ምንጊዜም አጠገቤ ቆማ ታዳምጣለቻ!

ባለፈው «ኮምፒውተርሽም አንቺም አርጅታችኋል፤ ሁለታችሁም መታደስ አለባችሁ» ያልሻት ለቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀልዱን ከማን እንደተማርሽውም አውቃለሁ። እናትሽ ግን አልሳቀችም። ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክሽ ሲጮህ ወደ እኔ እየገፋች «ደህና ናት በላት» ትላለች። አንቺም በተራሽ ኩርፊያውን ወርሰሽ «እማስ?» ብለሽ ብቻ ትዘጊዋለሽ። አንዲቷን «ደህና ናት» ወዲህና ወዲያ ሳመላልስ፣ ደሞዝ የሌለው የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ቀርቻለሁ።

ማተሚያ ቤታችን ትተሽው እንደሄድሽ ነው። የመስታወቱ በር አሁንም ሲከፈት ያቃስታል። ጠራዡ ወዳጄም እጁ ሙጫ እንደሆነ ምሳውን ይበላል። አዲስ ነገር ካለ አዲሱ የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ እሱም ቤቱን ለሁለት ከፍሎታል። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ ነካክቼ የተማርኩ ሰው ነኝና አዲስ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል፤ በወጣ በሳምንቱ የራሴ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ጠራዡ ደግሞ ኮምፒውተር ነክቶ ባያውቅም ቀንደኛ ተቃዋሚ ሆኗል።

«ምን ጎደለብንና ነው የምንቀይረው?» ይለኛል።

«ፍጥነት! የድሮው እስኪከፈት አንተ አንድ መጽሐፍ ጠርዘህ ትጨርሳለህ።»

«ታዲያ ምን አለበት? መጽሐፉ ይጠረዛላ!»

«ቫይረሱስ? ደንበኛ ሁሉ ፍላሹን ከየት እንደሰካው ሳያውቅ እዚህ አምጥቶ ይሰካል። ለድሮው ደግሞ ከእንግዲህ ማሻሻያ የሚልክለት የለም። በሩ ሳይቆለፍ የሚያድር ቤት ማለት ነው።»

ይሄኔ እናትሽ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «ያንተው አዲሱ አይደል እንዴ፣ የተማሪዋን መመረቂያ ጽሑፍ እያተምክ ‹ቆይ ራሴን ላድስ› ብሎ ጥሎህ የጠፋው?»

እውነቷን ነው። ልጅቷ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች፤ ስክሪኑ «እባክዎ ኮምፒውተሩን አያጥፉ» ይላል፤ እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩን እያዘዝኩ እንደሆነ ለማስመሰል ዝም ብዬ ማውሱን አንሸራትታለሁ።

«ፕሪንተሩንስ?» ብላ ቀጠለች። «የድሮውን ፕሪንተር አያውቀውም አይደል?»

«ያውቀዋል። ትንሽ ማስተዋወቅ ብቻ ይፈልጋል።»

«ሳምንቱን ሙሉ ስታስተዋውቃቸው አይቼሃለሁ። ሁለት ሰው ለማጋባት እንኳ ይህን ያህል አይለፋም።»

ጠራዡ በሳቅ ፈረሰ። በክርክር እንደተሸነፍኩ ገባኝ። በክርክር የተሸነፈ ሰው ምን ይቀረዋል? ተንኮል!

እናትሽ ጥርስ ሐኪም ቤት የሄደች ቀን ኮምፒውተሯ ላይ አዲሱን ሲስተም ጫንኩት። ሥራዋን ሁሉ አስቀድሜ ገልብጬ አስቀምጫለሁ፤ ተንኮለኛ ነኝ እንጂ ግዴለሽ አይደለሁም። ከዚያ የድሮውን ልብስ አለበስኩት፦ ከኋላ ያለው የሐይቁ ሥዕል ያው፣ ማስጀመሪያው ቁልፍ በግራ ጥግ ያው፣ ለዓይኗ የሚመቻት ትልልቁ ፊደል ያው። ጠራዡን ትንፍሽ እንዳይል አስማልኩት።

በማግስቱ መጣች፤ ከፈተች፤ ሥራዋን ጀመረች። ሻይ ይዤላት ሄድኩ።

«እትዬ፣ ኮምፒውተርሽ ዛሬ እንዴት ነው?»

«ምን ይሆናል ብለህ? እንደ ያንተው በየቀኑ ካልታደስኩ እያለ አያለቅስ!»

ጠራዡ የሙጫውን ቆርቆሮ ደፋው። ከዚያ ወዲያ ምኑን ልንገርሽ። አንድ ደንበኛ «እዚህ ቤት ሥራ ፈጠነ» ቢላት፣ «ዕቃ ድሮ ቀረ፤ ይህቺን ዛሬ የት ታገኛታለህ?» ብላ ስክሪኑን መታ መታ አደረገችለት። እኔ ወረቀት ላመጣ ብዬ ጓዳ ገባሁና ፊቴን ካርቶን ውስጥ ቀብሬ ሳቅኩ። በየጠዋቱ ሻይ እያቀረብኩ እጠይቃታለሁ፤ እሷም በየጠዋቱ የድሮውን እያመሰገነች አዲሱን ትሰድብልኛለች።

ትናንት በቃኝና ልገልጥባት ቆረጥኩ። ጠራዡን ምስክር አድርጌ አጠገቤ አቆምኩት፤ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«እትዬ፣ ይሄ እስከ ዛሬ ስታሞግሺው የከረምሽው አዲሱ ሲስተም ነው።»

ቀና እንኳ አላለችም። «አውቃለሁ» አለች።

«ምን ማለት ነው አውቃለሁ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጠዋት። ‹እማ ይሄን እንዳትነኪ› የሚለው ከላይ ነበር፤ አንተ ከታች አደረግኸው። ወደ ቦታው መለስኩት።»

ታስታውሻለሽ አይደል? ልትሄጂ ሰሞን አጠገቧ ተቀምጠሽ ያስተካከልሽላት ነው። ለፎልደሮቹ ሁሉ ስም ያወጣሽላቸው አንቺ ነሽ፦ «እማ ከዚህ ጀምሪ»፣ «እማ ያለቀውን እዚህ»፣ «እማ ይሄን እንዳትነኪ»። እኔ ስገለብጣቸው ፎልደር ብቻ ነበር የታየኝ። ያ ሁሉ ክርክራችን ስለ ፍጥነትና ስለ ቫይረስ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ደስ ብሎህ ነበራ። ደግሞ በየጠዋቱ ሻይ ይመጣልኛል፤ ምን በወጣኝ አቆመዋለሁ?»

ጠራዡ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እንባው ከሙጫው ጋር ተቀላቀለ።

ፍርዷን ማወቅ አለብሽ። «ፈጣን ነው፤ አልክድም» አለች። «ግን ወሬኛ ነው። ሥራዬን እየሠራሁ ጥግ ላይ ብቅ እያለ ‹ይሄን አይተሻል? ያንን ሞክረሻል?› ይለኛል። አንተን ነው የሚመስለው። አንተን ከቻልኩ እሱንም እችለዋለሁ።»

ጠራዡ ከሄደ በኋላ ነው እንግዲህ ዋናው የመጣው። ጠራችኝና ስክሪኑን በጣቷ አሳየችኝ። በድሮው ላይ እየተንቀጠቀጠ አልሠራ ይለን የነበረውን የቪዲዮ መደወያ ራሷ ፈልጋ ከፍታዋለች። ያንቺ ፎቶ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል።

«ሰው ይሄን አረንጓዴውን ቁልፍ በስህተት ቢጫነው ይደውላል?»

«ይደውላል።»

«እሷ ጋ ይጮሃል?»

«ይጮሃል።»

መነጽሯን አስተካከለች። «ካነሳችውስ? ፊቴ ይታያታል?»

«ከነመነጽርሽ።»

«እህ» አለችና ዘጋችው። ወረቀት እያስተካከለች፣ «ለመሆኑ ከሥራ የምትገባው ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ለምን ፈለግሽው?»

«ዝም ብዬ ነው። ሰው አይጠይቅም?»

ዛሬ ጠዋት ወንበሯን አዙራ የመስኮቱ ብርሃን ፊቷ ላይ እንዲያርፍ አደረገችው። «ለዓይኔ ነው» ትላለች። ይህን የምጽፍልሽ ደግሞ እሷ ፀጉሯን ልትሠራ ስለሄደች ነው። «በሥራ ላይ እየወረደ አስቸገረኝ» ብላ።

ስለዚህ አደራ፣ ነገ ከሥራ እንደገባሽ ኮምፒውተርሽን ክፍት አድርገሽ ጠብቂ። ስለ እርጅና አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። ይልቅ አዲሱ ሲስተም እንዴት እንደሆነ ጠይቂያት፤ ጉድለቱን መዘርዘር ከጀመረች በቀላሉ አታቆምምና አንቺም አታስቁሚያት። ከኋላዋ ወዲያ ወዲህ ስል ብታዪኝ ልብ እንዳትዪኝ፤ ያልጠፋ ወረቀት እየፈለግሁ ነው።

አንቺን ፈጣሪ ከብርድና ከብቸኝነት ይጠብቅልኝ፤ እንጀራሽን ያብዛልሽ፤ ደጅሽን የሚያንኳኳው ሁሉ ደግ ሰው ይሁን። እናትሽ ነገ ስትደውል «በስህተት ነው የነካሁት» ትልሻለች። እመኛት።

ያው አጎትሽ