በ«አር» የሚጀምሩት ቃላት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። እስከ ረፋድ ሁለት ደስጣ ወረቀት አልቋል። ፈተና ስለደረሰ ፎቶ ኮፒ የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም።

አንዷ ተማሪ ከሰንጋ ተራ የገዛችውን የእንግሊዝኛ ቃላት ጥራዝ ኮፒ እንዳደርግላት ሰጠችኝ። በ«አር» ፊደል የሚጀምሩት ናቸው። ገልጬ ሳየው የጋሽ ታደሰ ሥራ ነው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የየፊደሉን ቃላት ትርጉም፣ ግሡን፣ ስሙንና ቅጽሉን እየለዩ በእጃቸው ይጽፋሉ፤ እኔ ተይቤ በስማቸው እሸጥላቸዋለሁ። የ«አር» ጥራዝ ገና ለሽያጭ አልወጣም፣ ያለውም እኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ ግን የማላውቀው ሰው ስም አለ።

ኮምፒውተሩን ከእኔ ሌላ የሚነካው ዘንድሮ ሥራ አጥቶ ሲመጣ ያስጠጋሁት ወንድሜ ብሩክ ነው። ጠየቅኩት፤ አልካደም።

«አንቺ ደግሞ! እንግሊዝኛን የፈጠሩት ጋሽ ታደሰ ናቸው እንዴ? ሪከቨር ግሥ፣ ሪከቨሪ ስም፣ ትርጉሙ ማገገም። ይሄን ማን ያጣዋል?»

«ከሥሩ ያለውን ምሳሌስ አንብበኸዋል?»

ምሳሌው «አስካለ ከሕመሟ አገገመች» ይላል።

«አስካለ ደግሞ ማናት?» አለኝ።

እትዬ አስካለ የጋሽ ታደሰ ባለቤት ናቸው። አላገገሙም፤ አምና ቀብረናቸዋል። ብሩክ የባልየውን ስም ፍቆ የእሳቸውን እዚያው ትቶ ሸጦታል።

የሱቁን ቁልፍ ተቀብዬዋለሁ። ጋሽ ታደሰ ግን የሸጥኳቸው እኔ ብመስላቸው አልፈርድባቸውም።

ነገ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቤታቸው መሄድ፤ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ መንገር።