አዛን ሲል የሚነሳው ኮምፒውተር

ኦገስት 4፣ ሰኞ

ቁርስ ሩዝና የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቴምፔ። ሙቀት። ዶሮዋ የጎረቤት ጫማ ውስጥ እንቁላል ጣለች። እኔ የለሁበትም... ማለት፣ ጫማውን ብቻ ነው ጎጆዋ ውስጥ ያስቀመጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሸክላ ሳስተካክል እህቴ ዌኒንግ ጮኸች።

"ጃሮት! ምን አደረግከው?"

ኮምፒውተሩ ነው። እየሠራችበት ድርግም ብሎ ጠፋ፣ መልሶ ደግሞ ራሱ ተነሳ። የጠዋት ሥራዋን በላው። እኔ ጣሪያ ላይ፣ እሱ ክፍል ውስጥ... እንዴት አድርጌ? ግን ማን ይሰማኛል? ባለፈው ሳምንት ሲከፈት እንደ ፍየል እንዲጮህ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ የተሰነጠቀ መስታወት ፎቶ ስክሪኑ ላይ ለጥፌ እማዬን አስለቅሻታለሁ።

ስለዚህ እራት ላይ ጆሮዬን ተያዝኩ። ባልሠራሁት ስቆነጠጥ የመጀመሪያዬ ነው። ያማል ለካ።

ኦገስት 5

ዛሬም ጠፋ። ደጋግሞ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ዌኒንግ ቅዳሜ ሳምንት ከሰዓት በኋላ ፈተና አለባት። ሰማራንግ ከተማ ያለ የዕቃ ማመላለሻ ድርጅት ከቤቷ ሆና የምትሠራ ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል። ፈተናው በኢንተርኔት ነው፣ ካሜራ በርቶ፣ በር ተዘግቶ። መሃል ላይ ከተቋረጠ አለቀ፣ ተመልሶ መግባት የለም።

ከወደቀች ደግሞ ታይዋን። ደላላዋ ቡ ላስሚ ስሟን መዝግባ ጨርሳለች፤ የሰው ሽማግሌ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ሦስት ዓመት። ፓስፖርቱ ደርሷል። እማዬ ሻንጣውን አሁንም አሁንም ትወለውለዋለች።

ዌኒንግ ከሄደች ማንን ነው የማበሽቀው? ዶሮዋን?

ኦገስት 6

ከፈትኩት። ሙያ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጬ የተማርኩት ብሎን መፍታት ነው፣ እሱን አሳምሬ አውቃለሁ።

ውስጡ... ድመት የሚያክል አቧራ። ማራገቢያው ሥር የደረቀ እንሽላሊት። "ጥፋተኛው ተገኘ!" ብዬ በጭራው ይዤ ለዌኒንግ አሳየኋት። በሩን ላዬ ላይ ዘጋችው።

አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ። ሚሞሪውን፣ ራሙን፣ አውጥቼ ጥርሶቹን በላጲስ አሸሁ። ገጠምኩ። ሠራ! ጨፈርኩ። ጭፈራዬን ሳልጨርስ ጠፍቶ ተነሳ።

ዌኒንግ ያኔም አላመነችኝም። "እጅህን ራስህ ላይ አድርገህ ወደ ግድግዳው ዙር" አለች። ዞርኩ። እንደ ምርኮኛ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ድርግም።

"አሁንስ?" አልኳት።

"በእግርህ ነው" አለች። ግን ድምፅዋ ቀጭን ነበር። እኔ እንዳልሆንኩ ገብቷታል። እኔ ብሆን ይሻላት ነበር መሰለኝ...

ኦገስት 7

አንድ ነገር አየሁ። የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በሰላት ሰዓት አካባቢ ነው። አዛን ሊል ሲል፣ ወይም ብሎ ሳያበቃ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። ለሰፈሩ ልጆች "ኮምፒውተራችን አዛን ሲሰማ ብድግ ይላል" አልኳቸው። የአስር ሰላት ሲደርስ መስኮታችን በአፍንጫ ተሞላ። ከግንብ አጥራችን ማዶ ባለችው ትንሽ መስጊድ አዛን የሚሉት አባባ፣ ፓክ ሙኽላስ፣ ሳይቀሩ መጡ።

"እውነት ነው ልጄ?"

"እውነት ነው ፓክ። ታጥቦ ውዱእ ማድረግ ብቻ ነው የቀረው።"

የእማዬ ነጠላ ጫማ ከኋላዬ መጣ። ዒላማዋ ጥሩ ነው።

ኦገስት 9

ኮምፒውተሩን በእማዬ ሳሮንግ ሽርጥ አዝዬ፣ ሞተር ላይ ወጥቼ፣ ገበያ ወዳለው ጠጋኝ ወደ ማስ ጊቶ ወሰድኩት። መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት "ወንድ ነው ሴት?" አሉኝ። "ገና አልታወቀም፣ ሲነሳ ሲጠፋ ነው" አልኳቸው። ፀለዩልኝ።

ማስ ጊቶ ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ቀየረ። ሙቀቱን ለካ። ራሙን የሚፈትሽ ፕሮግራም ከፍቶበት "ነገ ተመለስ" አለኝ።

ኦገስት 10

አንዴም አልጠፋም! የገበያው ትልቅ መስጊድ ፊት ለፊቱ ነው፣ አዛኑ ጆሮ ይበጥሳል፣ ኮምፒውተሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

"ማሽንህ ጤነኛ ነው" አለ ማስ ጊቶ ሲጋራውን እያጠፋ። "በቃ፣ ቤታችሁን ጭነህ አምጣልኝ፣ እሱን ልየው።"

እዚያው ሱቁ ውስጥ ትፈተን ብዬ አሰብኩ። ሳስብ አውቶቡስ አለፈ፣ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ የጎረቤት ካሴት ሻጭ የዳንግዱት ሙዚቃውን ለቀቀው። ተውኩት።

ኦገስት 11

ቤት መጣ። ሰካነው። የአስር ሰላት ላይ ድርግም።

ዌኒንግ አልጮኸችም። እንደ ወትሮው ብትጮህ ምን ነበረበት? ተነስታ "እማዬ፣ ፓስፖርቴን የት አደረግሽው?" አለች። ያ ብቻ።

ወንበሯ ላይ ተቀምጬ አፈጠጥኩበት። ምን ሆነሃል? ምን በደልንህ? መሸት ሲል መብራት አበራሁ። የመግሪብ ሰላት እየደረሰ ነው። ድንገት አምፖሉ ጠቀሰኝ። በዚያው ቅጽበት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ። ከግንቡ ማዶ ደግሞ... ኡኡኡም።

የመስጊዷ የውሃ ፓምፕ!

በመስኮት ወጣሁ። ፓክ ሙኽላስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቧንቧው ሥር ውዱእ እያደረጉ ነው።

"ፓክ! ይዝጉት!"

"ምኑን?"

"ቧንቧውን! ዘጉት? ... አሁን ይክፈቱት!"

"አንተ ልጅ፣ እኔን ነው የምታጃጅለው?"

"አንዴ ብቻ ይክፈቱት ፓክ፣ በእናቴ ሞት!"

ከፈቱት። ከቤት ዌኒንግ "ጠፋ!" ብላ ጮኸች። ደስ የሚል ጩኸት። ፓክ ሙኽላስ ግን አንድ እግራቸው እንደታጠበ ጫማቸውን አንስተው አባረሩኝ። ዒላማቸው ከእማዬ ይሻላል።

ኦገስት 12

ቁም ሣጥኑን ገፍተን አየን። የፓምፑ ሽቦ እዚያ ነው፣ ከኮምፒውተሩ ሶኬት ተነስቶ በግንቡ ቀዳዳ ወደ መስጊዷ ይሄዳል። አያቴ በሕይወት ሳለ ለመስጊዷ ፓምፕ ሰጠ፣ መብራቱንም ከቤቱ ቀጥሎ ሰጠ። ሶደቃ። ሰጥቶ ዝም አለ፣ እኛም ረሳነው። መስጊዷ የውሃ ታንከር ስለሌላት፣ ሰው ቧንቧ በከፈተ ቁጥር ፓምፑ ይነሳል።

ማስ ጊቶ መጥቶ አየና አፏጨ። "በዚህች ያረጀች ክር? ፓምፑ ሲነሳ የቤቱን ሁሉ መብራት ጎርሶ ይወስዳል፣ ኮምፒውተሩ ፆሙን ይቀራል።" መብራት ኃይል አዲስ መስመር እንዲዘረጋ ማመልከቻ አስገባን፣ ከነፃነት በዓሉ በኋላ ተባለ። ማስ ጊቶ ያለው፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ዩፒኤስ ደግሞ ባትሪው እንደ ዳቦ አብጧል።

"ፈተናው እስኪያልቅ ፓምፑን እንንቀለው" አልኩ።

እማዬ ሻንጣውን መወልወሏን አቆመች። "አባቴ ለአላህ ብሎ የሰጠውን ውሃ እኔ ልዝጋ? የአስር ሰላት መሃል?"

ዌኒንግም "ልክ ነሽ" አለቻት።

ኦገስት 13

መስጊዷ ግቢ ውስጥ ከፓምፑ በፊት ለውዱእ ያገለግሉ የነበሩ የሸክላ ጋኖች አሉ፣ ታችኛው ጎናቸው ላይ ውታፍ ያላቸው። አሁን ሸረሪትና የሙዝ ልጣጭ ነው ያለባቸው። ከጉድጓድ ውሃ ቀድተን ብንሞላቸውስ? ማንም ሳይቸገር ፓምፑ ያርፋል!

ለፓክ ሙኽላስ ነገርኳቸው። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው እስኪወልቅ ሳቁ።

"ኮምፒውተራችሁ ባለፈው ሰጋጅ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ውዱእ ከለከለን? ሂድ ወዲያ!"

ሌሎቹም ሳቁ። ወሬውን ያስነሳሁት እኔ፣ የታመነልኝም ውሸቱ። እውነቱን ይዤ ብቻዬን ቀረሁ... ብቻዬን ልሙላቸው? ባልዲያችን ያፈሳል።

ኦገስት 14

የነፃነት በዓል ጨዋታዎች ስብሰባ ነበር። የእኔ ኃላፊነት ብስኩት በክር ማንጠልጠል ነው፣ ልጆች እጃቸውን አስረው የሚበሉትን። እጄን አወጣሁ።

"አዲስ ውድድር። ከጉድጓዱ ውሃ ተሸክሞ ጋን መሙላት። ቅዳሜ፣ ከዙህር ሰላት በኋላ።" ከዚያ ለምን እንደሆነ ተናገርኩ። ፈተናውን፣ ሽቦውን፣ ሁሉንም። ቀልድ አልጨመርኩበትም፣ ጨው እንደሌለው ወጥ። ሳቁ። "ጋኑ ውስጥ ምን ልትጨምር ነው ጃሮት? ቀለም?"

ዌኒንግ በር ላይ ቆማ ነበር። አላየኋትም።

"ፓክ ሙኽላስ" አለች። ሁሉም ዞረ። ዌኒንግ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። "እኔ መሄድ አልፈልግም። ሁሉም 'ታድለሽ፣ ታይዋን' ይለኛል። አልፈልግም። እዚሁ መሥራት ነው የምፈልገው።"

እማዬ ከኋላዋ ነበረች። እሷም የሰማችው ገና አሁን ይመስለኛል።

ፓክ ሙኽላስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲያው... ጋኖቹን ማነው የሚያጥባቸው?"

እጄን ሳላወጣ ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ ጠቆመ።

ኦገስት 15

አጠብኩ። አንዱ ውስጥ እንቁራሪት ከነቤተሰቧ። ጀርባዬ የለም።

ኦገስት 16፣ ቅዳሜ

ልጆቹ ውሃውን ከጋኑ ይልቅ እርስ በርስ ነው የተደፋፉት። ቢሆንም ሞላ። እኔ ዳኛ ነበርኩ፣ ያጭበረበረውን ሁሉ በደስታ አሳለፍኩ።

ፓምፑን የነቀለችው እማዬ ናት። በራሷ እጅ። ዌኒንግ በሯን ዘጋች።

የአስር ሰላት ደረሰ። ፓክ ሙኽላስ አዛን ሲያደርጉ መስኮቱ ሥር ቁጢጥ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ሽማግሌዎቹ ውታፉን እየነቀሉ ታጠቡ፣ "ልጅ እያለን እንዲህ ነበር" እየተባባሉ ውሃ ተራጩ። አንድ አዲስ እንግዳ መጥቶ እጁን ወደ ቧንቧው ሲሰድ አራት ሽማግሌ በአንድ ድምፅ "ተው!" አሉት። ደንግጦ ኮፍያው ወደቀ። ቧንቧው እኮ አይሠራም ነበር። ማንም አላስታወሰም።

በሩ ሲከፈት ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ዌኒንግ ላብ በላብ።

"እሺ?" አልኳት።

"አንዴም..." ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ በራሴ ቆብ አፍንጫዋን ጠረገች። ተውኳት።

ኦገስት 17

ለበዓሉ ውድድር በቅባት የተቀባው እንጨት ላይ ወጣሁ። ወረድኩ ማለት ይሻላል።

ኦገስት 28

ደወሉላት! ከሰኞ ጀምራ ትሠራለች። ቡ ላስሚ መጥታ ስሟን ሰርዛ ሄደች፣ እየተነጫነጨች። እማዬ ሻንጣው ውስጥ ሩዝ ጨምራበታለች፣ አይጥ አይደርስበትም ትላለች።

አዲሱ መስመር ገና አልመጣም። ስለዚህ ፓክ ሙኽላስ ቧንቧ ከመክፈታቸው በፊት በየጊዜው መስኮቱን ያንኳኳሉ፦ "ዌኒንግ፣ ሴቭ አድርገሻል?" ቃሉን ማን እንዳስተማራቸው እንጃ። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ይለዋል።

ዛሬ ሲያንኳኩ ዌኒንግ ገበያ ነበረች። እኔ ነበርኩ ወንበሩ ላይ።

"ሴቭ አድርጋለች ፓክ፣ ይክፈቱት።"

በመስኮቱ ፍርግርግ አዩኝ። ስክሪኑን አላዩም፣ እኔን ነው ያዩት። ቀልድ አፌ ውስጥ ነበረ፣ ተዘጋጅቶ። ዋጥኩት።

"እሺ ልጄ" አሉ፣ ሄደው ከፈቱት።