የውባንቺ ጭማቂ

ኬኒንግተን፣ ለንደን
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እትዬ አልታየሽ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ አንቺንና ውባንቺን ማሳመን ግን አቃተኝ! አዲስ አበባ ተቀምጠሽ ጓደኛዬን በስልክ ታዣለሽ? «ጠዋት ጠዋት ጭማቂ አጠጪልኝ፣ ደም ይሆናታል» ብለሻታል አሉ። እሷም ከሰፈሯ ከባተርሲ በባስ እየመጣች ያንን ግሬፕፍሩት የሚሉትን መራራ ትልቅ ብርቱካን እየጨመቀች ስትግተኝ ከረመች።

ከዚያማ ለደም ምርመራ ብሄድ ነጭ የደም ሴሌ ወርዶ ተገኘ። «የካንሰሩን ኪኒን ለጊዜው አቁሚ» ተባልኩ። ነርሷ ሄራን፣ የኛው ልጅ ናት፣ «እትዬ ዓይናዲስ፣ ምን እየጠጡ ነው?» አለችኝ። ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች።

«ግሬፕፍሩት ክልክል ነው አልተባሉም?»

«ተብያለሁ። ውባንቺን እምቢ ማለት ይቻላል እንዴ?»

ነገሩን ስታስረዳኝ እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ፤ ያ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ ለካ ከንቱ አልቀረም! ሴልን «ተከፈል» እያለ የሚገፋ ኢንዛይም አለ። የጡቴ ካንሰር የሚራባው ይሄ አላርፍ ብሎ ነው። ኪኒኑ ሄዶ እሱን ይይዘዋል፣ ሴሉም ባለበት ይቆማል። ደም የሚሠሩት ሴሎችም አብረው ስለሚያዙ ሦስት ሳምንት ውጬ አንድ ሳምንት አርፋለሁ። ኪኒኑን ራሱን ደግሞ አንጀትና ጉበት ውስጥ ያለ ሌላ ኢንዛይም እየሰባበረ ያስወግደዋል። የውባንቺ ግሬፕፍሩት ይሄኛውን አስሮት ቁጭ! መድኃኒቱ ሰውነቴ ውስጥ ተጠራቀመና ነጭ ደሜን ጨረሰው።

ይህን ሁሉ ለውባንቺ ነገርኳት።

«እግዜር የፈጠረው ፍሬ እኮ ነው!»

«ይሁን፤ አታምጪ።»

«ታዲያ የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጄን ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማን ያይሻል፣ አንቺ ሴትዮ!»

አኩርፋ ሄደች።

ትናንት ደምሽ ተመልሷል አሉኝ፣ እልል በዪልኝ! ዛሬ ጠዋት አዲሱን ዙር ጀመርኩ። ቁርሴን አቅርቤ፣ ኪኒኑን በእጄ ይዤ በሩን ሳይ ሳይ ሻዩ ቀዘቀዘ። አልመጣችም። በመጨረሻ ብቻዬን ዋጥኩት።

ስለዚህ እትዬ፣ ደውዪላትና ጭማቂውን አስቁሚልኝ፤ አንቺን ትፈራለች። ግን ባዶ እጇንም ቢሆን ትምጣ በያት። ትእዛዝ አስመስለሽ። እኔ እንዳልኩ ደግሞ እንዳትነግሪያት፣ አደራ።

ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ለዓይንሽ ያብቃኝ።

እህትሽ ዓይናዲስ