የተገነጠሉት ገጾች ከኦቾሎኒ ጋር መመለሳቸውን ስለማሳወቅ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

በግቢው በር ላይ የለጠፍኩት ይህ ግልጽ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ በመልካም የምግብ ፍላጎትና መነጽርዎን ባልረሱበት ቀን እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ከአጥሩ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ የምሠራ ልብስ ሰፊ፣ የአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አባት ነኝ። የማታ መሠረተ ትምህርቴን በቅርቡ ያጠናቀቅሁ ሲሆን፣ ራሴን ማሞገስ ባልወድም፣ አስተማሪዋ ለሌሎቹም የመናገር ዕድል ስጣቸው እያለች የምትለምነኝ ዓይነት ተማሪ ነበርኩ። ይህንን ደብዳቤ አስቀድሜ ባሳያት ዓረፍተ ነገሮችህ ረዝመዋልና አሳጥራቸው አለችኝ፤ ማሳጠር የቀን ሥራዬ ስለሆነ ማታ ማታ አልሠራውም።

አንደኛ፤ የልጆቻችንን የቅድመ አልጀብራ መሠረት የሚያጠናክር የሒሳብ መጽሐፍ የሚመርጥ ኮሚቴ ስላቋቋሙልን እናመሰግናለን። ለኮሚቴው ሁለት መጽሐፍ ቀርቦለት ነበር፤ አንደኛው ሽፋኑ ግራጫ ሆኖ ሁሉንም ነገር ቀስ ብሎ ከሥሩ የሚያስረዳ፣ ሌላኛው ደግሞ ሽፋኑ ላይ ሮኬት የሚተኮስበት። ሮኬቱ ተመረጠ። ምክንያቱንም በወላጆች ስብሰባ ላይ ሲያስረዱን፣ በየምዕራፉ መጨረሻ መልሶቹ ስለታተሙ ወላጅ ልጁን ቤት ውስጥ ለማረም ይመቸዋል አሉን። እኔም ማንበብ የቻልኩ ወላጅ እንደመሆኔ ደረቴን ነፍቼ ከሁሉም አብልጬ አጨበጨብኩ።

ሁለተኛ፤ መጽሐፉ ከመታደሉ በፊት፣ ልጆቹ መልሱን እያዩ እንዳይገለብጡ በማሰብ የመልሶቹን ገጾች ከእያንዳንዱ ቅጂ ስላስገነጠሉልን ምስጋናችን እጥፍ ነው። መልስ ስላለው የተመረጠ መጽሐፍ፣ መልስ ስላለው ተገነጠለ። እዚህ ላይ ግን ከሙያዬ አንዲት ነገር ባነሣ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ እኛ ጨርቅ ላይ መቀስ ከማሳረፋችን በፊት ገልብጠን ጀርባውን እናያለን። ወረቀትም ጀርባ አለው። በእያንዳንዱ ምዕራፍ መልስ ጀርባ የታተመው የቀጣዩ ምዕራፍ የመጀመሪያ ገጽ፣ ማለትም ነገሩ ምን እንደሆነ የሚያስረዳው ገጽ ነበር። ስለዚህ የልጄ መጽሐፍ ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች ደምሪ ይላታል እንጂ ከዜሮ በታች ቁጥር እንዴት ሊኖር እንደቻለ አይነግራትም፤ እኩልታውን ፍቺ ይላታል እንጂ ምኑ ከምኑ ጋር እኩል እንደሆነ ትንፍሽ አይልም።

ሦስተኛ፤ ልጄ መጽሐፉ ጎደለ ብላ አላሰበችም፤ ጭንቅላቴ ጎደለ ብላ ነው ያሰበችው። እናቷ ምን ሆነሽ ነው ብትላት፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ስለሚጽፉ ገብቷቸዋል፣ ደደቧ እኔ ብቻ ነኝ አለቻት። ባለቤቴም ወደ እኔ ዞራ፣ አንተ እኮ ተምሬያለሁ እያልክ ሰፈሩን አስጨንቀሃል፣ እስቲ አስረዳት አለችኝ። መጽሐፉን በክብር ተቀብዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሮኬቱን አስረዳኋት። የፊታችን ሰኞ የሚሰጠውን ፈተና ካላለፈች ወደ አልጀብራ ክፍል አትገባም፤ እሷም ከአሁኑ ልብስ ስፌት አስተምረኝ ብላኛለች። ሙያዬን እወደዋለሁ፤ ተሸንፋ እንድትመጣበት ግን አልፈልግም።

አራተኛው አቤቱታ ሳይሆን የምሥራች ነው። የተገነጠሉት ገጾች ተገኝተዋል። ዘበኛው እንዲጥላቸው ሲታዘዝ ንጹሕ ወረቀት አሳዝኖት በሩ ላይ ኦቾሎኒ ለምትሸጠው ሴት ሰጥቷት፣ እሷም እየጠቀለለች ትሸጥባቸዋለች። ከተማሪው የተደበቀው መልስ ከነትኩስ ኦቾሎኒው ለተማሪው እየታደለ ነው ማለት ነው። ልጄ ባለፈው ዓርብ አንዱን ጥቅል ፈትታ ስትበላ ድንገት ማኘኳን አቁማ፣ ወረቀቱን በመዳፏ እያስተካከለች ሱቄ ገባችና፣ አባዬ፣ ለካ እኩልታ ማለት ሚዛን ነው አለችኝ። ፊቷን ቢያዩት ኮሚቴውን በሙሉ ይቅር ሊሉት ይችሉ ነበር፤ እኔ ግን ገና አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ሻጯ፣ ጋሼ፣ ሆድዎን እንዳያምዎ እስክትለኝ ድረስ እየገዛሁ ነው፤ የትኛው ትምህርት በየትኛው ጥቅል እንደሚወጣ አይታወቅማ። ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች እስካሁን አላገኘናቸውም፤ ከኦቾሎኒው ጋር የትኛው ቤት እንደገቡ እግዜር ይወቀው።

ስለሆነም ግራጫው መጽሐፍ ተመርጦ ለልጆቻችን እንዲታደል፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ኦቾሎኒ ሻጯ የኮሚቴው አባል ሆና እንድትሾም በትሕትና እጠይቃለሁ፤ እስካሁን ከሥርዓተ ትምህርቱ አንዲት ገጽ ለተማሪ ያደረሰች እሷ ብቻ ናትና።

ለሮኬትዎ መልካም ጉዞ እየተመኘሁ ከመሬት ላይ እጄን የማውለበልብልዎ፣ አክባሪዎ፣

የማታ ትምህርት ፍሬ፣ ልብስ ሰፊውና ደደብ ያልሆነች ልጅ አባት

ማስታወሻ፦ ልጄ ያገኘችውን ገጽ ከነዘይቱ አያይዤዋለሁ። እሷ እንዳስረዳችኝ ከሚዛኑ አንድ ወገን የቀነሰ ሰው ከሌላውም ወገን ያንኑ ያህል ካልቀነሰ እኩልነቱ ይፈርሳል። እርስዎ ከመጽሐፉ ቀንሰዋል፤ እንግዲህ ሰኞ ከፈተናውም ይቀንሱልን። ልጄ ገና አጥንታ ስላልጨረሰችው አንብበው ይመልሱልን፤ ጀርባው ላይ ያለውን መልስ ግን አይተው እንዳይገለብጡ አደራ።