ጌታን «እርስዎ» ያልኩበት ቀን

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ለጸሎት ተንበርክከው ሲነሱ ዛሬም «ኧረ ደግፉኝ» ይላሉ ወይስ ተሻለዎ? እማዬንስ ሳሉ ለቀቃት? እኔን ቢሉ፣ ምስጋና ለእሱ ይሁንና፣ ናፍቆታችሁ ነው እንጂ ሌላ ምንም አልጎደለብኝ። አሁንም እዚያው ሆስፒታል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነኝ። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ሳጥፍ ስለምውል ሕልሜም ነጭ በነጭ ሆኗል።

ዛሬ ለመጻፍ ያስቸኮለኝ ግን ሌላ ነው፤ ይሳቁብኝ። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ረቡዕ ረቡዕ ሕሙማንን ሊጠይቁ ይመጣሉ። እኔም ሥራዬን ስጨርስ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዤ እከተላቸዋለሁ። ከመያዝ አልፌ ግን አፌን ከፍቼ አላውቅም ነበር። ያውቁኝ የለ፤ እቤትም የጸሎት ተራ ሲደርሰኝ ወንድሜን በክርኔ ጎሸም አድርጌ ለእሱ የማሳልፍ ሰው ነኝ።

እዚህ አንድ ሽማግሌ አናጢ ተኝተው ነበር። የልብ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃቸው ነበር። ታናሽ ወንድማቸው በየቀኑ እየመጡ በራፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ይቀመጡና ሳይገቡ ይመለሳሉ። አባታቸው በተዉላቸው የእንጨት ሥራ ቤት ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። መጋቢ ስንት ጊዜ ለምነዋቸዋል፤ አናጢው ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነው «ዓይኑን አላይም» አሉ። ሳይታረቁ እንዳያመልጡን ሁላችንንም ጨንቆን ነበር።

በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ፣ ረቡዕ ዕለት፣ አናጢው አልጋ አጠገብ ቆመን ሳለ ጉንፋን የመጋቢን ድምፅ ዘግቶት፣ በሹክሹክታ «ዛሬ አንቺ ጸልዪ» አሉኝ። ክው አልኩ። እምቢ እንዳልል ሰው ፊት ነው። ዓይኔን ስጨፍን፣ ይመኑኝ አባባ፣ ድቅን ያሉብኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎን ደግሞ በሕይወቴ «አንተ» ብዬ አላውቅም። ምላሴ በለመደችው ሄደች፦ «አባታችን ሆይ፣ እርስዎ ሩኅሩኅ ነዎት። እባክዎን ይቅር ይበሉ። ደጅዎ ላይ ቆመን እየጠበቅንዎት ነውና ፊትዎን አያዙሩብን።»

አሜን ሳልል የልቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ዓይኔን ብገልጥ አናጢው ቀና ብለው ተቀምጠው እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። «በቃሽ ልጄ፣ በቃሽ! እንዲህ ተለምኜ እምቢ የምል እኔ ማን ሆኜ ነው? ግባ በሉት» አሉ። ለካ ለእሳቸው የምናገር መስሏቸዋል! ወንድማቸው ጥሪውን አልጠበቁም፤ በሩን በረገዱና ገቡ። ተቃቅፈው ሲላቀሱ የግሉኮሱን ማቆሚያ ነርሷ ባትይዘው ኖሮ ጉድ ሆኖ ነበር።

ውጭ ወጥተን ስህተቴን ለመጋቢ ስናዘዝ፣ ድምፅ የላቸውምና ሆዳቸውን ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እኔ ስንት ጊዜ በ'አንተ' የለመንኩትን አንቺ በ'እርስዎ' ጨረስሽው» አሉኝ። በደስታ እያለቀስኩ ሳቅሁ። ቀዶ ሕክምናውም ተሳክቷል። አሁን ታናሽየው ሾርባ ያጎርሳሉ፣ ታላቅየው «ጨው በዛ» እያሉ ይነጫነጫሉ። መጋቢም የረቡዑን ጸሎት ለእኔ ስለሰጡኝ ምርቃትዎን ይላኩልኝ። አንሶላ እያጠፍኩ «አንተ» ማለት እየተለማመድኩ ነው።

እማዬን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ወንድሜን ከእንግዲህ ጎኑ አረፈ ይበሉልኝ። ለታናሽ እህቴ፣ ጽሕፈቷ አምሮ አይቼ መኩራቴን ይንገሩልኝ። ለአጎቴ ያለኝን ሰላምታ ግን በሰው አይላኩት። በአጥር ጠብ ከተኳረፋችሁ ሁለት ዓመት ሞላ፤ በሩን አንኳኩተው እርስዎ ራስዎ ያድርሱልኝ። ያን ቀን ተሳስቼ ነው ያልኩት። አሁን ግን ዓይኔን ገልጬ፣ ለእርስዎ ለራስዎ ነው፦ እባክዎን አባባ፣ ይቅር ይበሉ።

አክባሪ ልጅዎ
ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ሰኔ ፫ ቀን