ተጠገንሽ አሉኝ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለዛጎርካ፤

እንዴት ከርመሽልኛል እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የጀርባሽ ሕመም በብርዱ አልተነሣብሽም? ባልሽ ቡዲሚርስ አሁንም የሌሊት ተራ ነው የሚሠራው? ልጅሽ ኔቬና ፈተናዋን አለፈች? እዚያ ኦስትሪያ፣ ሊንዝ ዘንድሮ በረዶው ጠንክሯል ሲባል ሰምተን ነበርና መንገዱ እንዳያንሸራትትሽ ሳስብ ነው የከረምኩት። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። እኔም ከአንድ ነገር በቀር ደኅና ነኝ፤ እሱን ልነግርሽ ነው ወረቀት ያነሣሁት። በስልክ ብንነጋገር ከሁለት አንዳችን እናለቅስና ነገሩ ሳይነገር ይቀራል።

ባለፈው ኦገስት ከአውቶቡስ ስትወርጂ ያደረግሽው ትዝ ይልሻል? ሻንጣሽን ጥለሽ አቀፍሽኝ፤ ትከሻዬን ዳበስሽና «ስታሜና፣ ፈረስሽ እኮ» ብለሽ አለቀስሽ። መቼም የአገራችንን ሰው አፍ ታውቂዋለሽ። የከሳ ሰው ፈረሰ ይባላል፣ የወፈረ ደግሞ ተጠገነ፤ ሰውና አሮጌ ቤት አንድ የሆነበት አገር ነው። እኔ ግን ያን ቀን «ፈረስሽ» ስትዪኝ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። አሥራ አራት ኪሎ የቀነስኩት ታምሜ አልነበረም። ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ የጨረስኩትን ጉልበቴን የኒሽ ከተማው ሐኪም ቀዶ እንዲያድንልኝ ነው። ክብደትሽን ካልቀነስሽ እጄን አላነሣም ብሎኛል። ይህንን ከወይኑ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አስረዳሁሽ። ራስሽን ነቅንቀሽ «ገባኝ» አልሽኝ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ኪሎው ተመልሶ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው አልኩ። ቀጥሎ ዳቦ ተውኩ። ከሥራ ስመለስ እስከ ድልድዩ የምሄደውን እስከ ወፍጮው አስረዘምኩት፣ ጉልበቴ እያበጠ። ምሳዬ እንደሆነ ያው ነው፤ አማቴ እማማ ራዶይካ ቦሎቄውንም ጎመኑንም በውሃ ብቻ ቀቅለው ያቆዩኛል። ሱሪዎቼ ግን እየተከታተሉ እምቢ አሉኝ። ገላዬ ከዳኝ አልኩ። መስታወት ፊት ቆሜ የገዛ ሆዴን ስሰድብ ከረምኩ። ጎረቤቱ ደግሞ በየበሩ ብቅ እያለ «እሰይ፣ ተጠገንሽ» ይለኛል። ኋላማ እግሬን ማንሣቱም አስጠላኝ፤ መሄዱን ተውኩት።

ጃንዋሪ ላይ ቀጠሮዬ ደርሶ ኒሽ ሄድኩ። ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቆመኝና ሳቅ አለ። «እኔ ጉልበትዎን ልጠግን ነበር፤ እርስዎ ቀድመው ተጠግነው መጡ» አለኝ። ሲቀንሱ ይመለሱ ብሎ አሰናበተኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ቤት ገባሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አማቴ ረቡዕና ዓርብ ዘይት እንኳ እንደማይቀምሱ ታውቂያለሽ። በጾም ቀን ምድጃችን ላይ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ባለ ነጭ ክዳኑ የሳቸው፣ ባለ ሰማያዊ ክዳኑ የኔ። ሁለቱም በውሃ የተቀቀለ ቦሎቄ ከሆነ አንድ ድስት አይበቃም ወይ ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር። የቅዱሳኑና የሐኪሙ አይደባለቅም አሉኝ። የሃይማኖት ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ዓርብ ርቦኝ ገባሁና በስሎ እንደሆነ ለማየት ሁለቱንም ድስት ከፈትኩ። ሁለቱም በበርበሬ ቀልቷል፤ ልዩነት አላየሁም። ስከድን ግን ሳላውቀው ክዳኖቹን አለዋወጥኳቸው። እማማ ራዶይካ ዶሮዎቹን አብልተው ገቡ፣ ከነጩ ክዳን ለራሳቸው ከሰማያዊው ለኔ ጨለፉ፣ አማተቡ፣ አንድ ማንኪያ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ሮጠው ሄደው ማጠቢያው ላይ ተፉት፤ ተጉመጠመጡ፣ ደግመው ተጉመጠመጡ። «ወይኔ፣ የአሳማ ስብ! ጾሜን ገደፍኩ» አሉ።

ባሌ ሚዮድራግ ቋሊማውን እያኘከ ነበር፤ ማኘኩን ተወ።

«እማዬ» አለ፣ «በውሃ የተቀቀለ ቦሎቄ እንዴት አድርጎ ነው ጾም የሚያስገድፈው?»

 ከሳህኔ ቀመስኩ፤ ውሃ ውሃ ይላል። ስንት ወር ሙሉ «እርስዎ ሲሠሩት በውሃም ይጣፍጣል» እያልኩ ያመሰገንኳቸው ትዝ አለኝና ሳህኑን ገፋሁት። ምን በድዬዎት ነው አልኳቸው። ሽርጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ ተቀመጡ።

«እኔን አትጠይቂኝ ልጄ። እህትሽ ደውላ አለቀሰችብኝ። እናታችንም እንዲህ ፈርሳ ፈርሳ ነው የሞተችው፣ እባክዎ ሳታውቅ ይጠግኑልኝ አለችኝ። ጠገንኩ።»

እታለም፣ አማቴን በሳምንቱ ይቅር አልኳቸው። እሳቸው ያዋሱት እጃቸውን ነው። የከዳሽኝ አንቺ ነሽ። ፊቴ ላይ «ገባኝ» ብለሽ ከጀርባዬ ደወልሽ። በየእሑዱ በስልክ ኪሎሽ እንዴት ነው ትዪኛለሽ፤ እኔ እያለቀስኩ ተመለሰብኝ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም ስልሽ፣ «አይዞሽ፣ ዕድሜ ነው» ብለሽ ታጽናኚኛለሽ። እያወቅሽ! ከስቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ያ «አይዞሽ» ነው። ክረምቱን ሙሉ የሰደብኩት ገላዬ አንድም ቀን አልዋሸኝም፤ ያበሉትን ነበር የሚናገረው።

ከዚያ በኋላ በብሽቀት በላሁ። ካለፈ አይቀር ብዬ ትኩስ ዳቦ በስብ እየቀባሁ፣ ሰው እያየኝ በላሁ። ያቆመኝ የሙታን መታሰቢያው ቅዳሜ ነው። ሻማውንና ንፍሮውን ይዤ ከሚዮድራግ ጋር ወደ መቃብሩ ወጣሁ፤ ዳገቱን ታውቂዋለሽ። ከዳገቱ ሥር ያለው በር ጋ ስደርስ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ሚዮድራግ ሻማውን ተቀብሎኝ ብቻውን ወጣ፤ እኔ ከታች ቆሜ ቀረሁ። አንቺ ከአገር ከወጣሽ ወዲህ የእናታችንን ሻማ በእጄ ሳላበራ የቀረሁት ገና ዘንድሮ ነው። እንደ እናታችን እንዳትሆንብኝ ብለሽ ያስጠገንሻት እህትሽ እናታችን ጋ መድረስ አቃታት። የበሩን ብረት ይዤ አለቀስኩ። ሳለቅስ ቆይቼ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ እኔ እዚህ ተናድጄ የምበላው ዳቦ አንቺን ሊንዝ ድረስ አይጎዳሽም። ጉልበቱም ዳገቱም የኔ ናቸው።

የዐቢይ ጾም ዋዜማ ዕለት ለአማቴ ከነገ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚጣደው አንድ ድስት ነው አልኳቸው። ልትጾሚ ነው ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እጾማለሁ፤ ለእግዚአብሔር ይሁን ለጉልበቴ እሱ ይለየው አልኩ። ሰማያዊውን ክዳን ሚዮድራግ ገልብጦ የዶሮ ውሃ ማጠጫ አደረገው። አሁን ስብ ጠብ ቢል ቀድመው የሚጮሁት እሳቸው ናቸው፤ ከዚህ የተሻለ ዘበኛ ከየት ይመጣል? ከፋሲካ በኋላም በዚያው እንቀጥላለን ተባብለናል። በምርኩዝም ቢሆን እስከ ድልድዩ መሄድ ጀምሬያለሁ። ሚዛኑን ገና እፈራዋለሁ፤ ግን ትናንት ቁጭ ሳልል የጫማዬን ክር አሰርኩ።

የላክሽው ቸኮላት ደርሶ ለጎረቤት ልጆች አድዬዋለሁ። ሁለተኛ ስትልኪ ካልሲ ይሁን። ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም፤ ገና ነኝ። ብቀየምሽም ግን የሆዴን የምጽፈው ላንቺው ነው፣ ሌላ ማን አለኝ?

ቡዲሚርን በወንድምነት ሰላም በይልኝ፤ እንቅልፉን ይጠብቅ። ኔቬናን ግንባሯን ሳሚልኝ። ሚዮድራግ ሰላም ብሎሻል። እማማ ራዶይካም ሰላምታቸው ይድረስሽ፤ ከእንግዲህ እንዲህ ላለው ጉዳይ እንዳትደውልልኝ ብለዋል፤ ስለ ገደፉት ጾም ቄሱ ጋ ሄደው ሲናዘዙ ስምሽን አንሥተዋል።

ኦገስት ስትመጪ አውቶቡስ ጣቢያ አልቀበልሽም። ሻንጣሽን ቤት አስቀምጪና ወደ እናታችን ውጪ፤ እላይ ጠብቂኝ። ቀስ እያልኩ፣ በእግሬ እመጣለሁ። ስደርስ «ፈረስሽ» በዪኝ። ብታለቅሺም ግድ የለኝም፣ ብቻ በዪኝ።

እህትሽ ስታሜና
ቭላሶቲንጼ፣ ማርች 23 ቀን 2024